የእመት ድንቄ የተዝካር በሬ

እመት ድንቄ ሞቱ። የነገረኝ ከአሊዩ አምባ ገበያ የተመለሰ ጎረቤቴ ነው፤ ያውም የጨው ጭነቱን እያራገፈ፣ እንደ ዋዛ። "ያቺ የአንኮበሯ ሴትዮ፣ እህትህን ያስታመመችው፣ ተቀበረች አሉ" አለኝ።  ወሬውም ገና አላለቀለትም። ጠጋ ብሎ፣ "አርባዋም ዝም ብሎ አለፈ። ተዝካር አልወጣላትም። አንድ ቄስ እንኳ አልቀመሰ!" አለና ራሱን ነቀነቀ። ለሞታቸው ያላዘነ ሰው ለተዝካሩ አዘነ።

"ሂድ ወደዚያ!" አልኩት። ጨው ልገዛው ነበር፣ እሱንም ተውኩት። እስከ ዛሬ ድረስ ሰላም አልለውም።

ባለፈው ጥር ገብስ ጭኜላቸው ሄጄ ነበር። "ዘንድሮ ደግሞ ነቀዝ ነው ያመጣህልኝ?" ብለው ሰድበውኝ፣ ከገብሱ ዘግነው ሸተት አድርገው፣ ደግሞ መርቀውኝ ተመለስኩ። ያን ጊዜ ደኅና ነበሩ። እንግዲህ ሰው ስለሳቸው በየገበያው ያሻውን ከሚያወራ፣ እኔ የማውቀውን ልናገር።

እመት ድንቄ አንኮበር ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ባለው ጥግ አንዲት ጎጆ የነበረቻቸው ባልቴት ናቸው። ባላቸው ዘመቻ ሄዶ ቀርቷል፤ ልጅ አልወለዱም። ረጅም፣ ከሲታ፣ አፋቸው የማያርፍ ሴት ነበሩ። ሰላምታቸው ራሱ ስድብ ነው። "ምነው እንዲህ ከሳህ፣ ጅብ ጀምሮ ነው የተወህ?" ይሉሃል፤ እንዲያ ብለው ደግሞ ያላቸውን ያቀርቡልሃል።

ልጅ የሌለው ሰው ጭንቀቱ ተዝካር ነው። ሲሞት በአርባው ካህናቱንና ድሃውን አብልቶ ነፍሱን የሚያስታውስለት የለውማ። ስለዚህ እመት ድንቄ ከአፋቸው እየነጠቁ የራሳቸውን ተዝካር በቁማቸው ያሰናዱ ነበር። አፉ በእበት የተመረገ አንድ ጎተራ ገብስ፣ አንድ ማሰሮ ማር፣ ከደጃፋቸው የታሰረ አንድ ቀይ በሬ። በሬው አያርስም፣ አያበራይም፤ ሥራው መስባት ብቻ ነው። በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለሱ ነበር። "በሬው እንዴት አደረ?" የነፍስ አባታቸው መምሬ ክንፉማ ሻኛውን ሳይዳብሱ አያልፉም።

"አባቴ፣ የኔንስ ጤና መቼ ነው የሚጠይቁኝ?" ይሏቸዋል እመት ድንቄ።

"አንቺማ ምን ትሆኛለሽ ልጄ" ይላሉ መምሬ፣ ዓይናቸውን ከበሬው ሳይነቅሉ።

እኛ እጃቸው ላይ የወደቅነው እንዲህ ነው። እህቴ አስካለ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት። መጀመሪያ ባቄላ ታክል ነበር፤ ክረምቱ ሳይወጣ ጠጠረችና ቆዳውን ሰንጥቃ ቆሰለች። ነቀርሳ ነው አሉ። ባሏ "እስኪሻልሽ ወደ ወንድምሽ ሂጂ" ብሎ ሰደዳት፤ እስኪሻላት አላለም፣ እስክትሞት ማለቱ ነው። አንኮበር ለነቀርሳ የሚሆን ሥር የሚያውቅ መድኃኒተኛ አለ ሲሉኝ ያለችኝን አንዲት ጊደር ሸጥኩና አስካለን በአህያ ጭኜ ከደብረ ብርሃን ወሰድኳት።

መድኃኒተኛው ቁስሉን አገላብጦ አየ። "አድናታለሁ ብዬ አልዋሽህም" አለኝ። "ግን እስከ ጥምቀት ድረስ እየተመላለሰች ታስለጥፍ። መድኃኒቱ ብርቱ ነው፣ የተራበ ሰው ላይ ይጨክናል። ሥጋ ትብላ፣ መረቅ ትጠጣ። ደግሞ ፀሐይ መትቶት ከመንገድ የገባ ሰው ቁስሏን አይይባት። እንግዳ የማይበዛበት ቤት ፈልግላት።" የጊደሬ ዋጋ በሙሉ እዚያው ቀረ። ቤቱን ከየት ላምጣ?

ያን ዘመን ንጉሡ ከነሠራዊታቸው ወደ እንጦጦ ወጥተው አንኮበር ግማሹ ባዶ ነበር። በየጥጉ የተዘጋ ቤት ነው። ሁሉም ግን ጠባቂ አለው። አንዱ "ጌቶች ሳይፈቅዱ እንዴት አድርጌ" ይለኛል። ሌላዋ "ልጆች ይዣለሁ፣ ይጋባብኛል" ትላለች። አንዲት የሩቅ ዘመዳችን "እንዴታ፣ ግቡ እንጂ!" ብላ አስገብታን፣ በማግስቱ እህቴ የተኛችበትን ቁርበት ዓይናችን እያየ አቃጠለችው። አስካለ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ጠበቅ አደረገችና "እንሂድ" አለች። ከዚያ ወዲያ ደጀ ሰላሙ ሥር ከነዳያኑ ጋር ተቀመጥን።

እመት ድንቄ ኪዳን አድርሰው ሲወጡ አዩን። ምርኩዛቸውን ተክለው ቆሙ።

"ይቺ ምን ሆና ነው?"

"ነቀርሳ ነው እመቴ።"

"ነቀርሳ መሆኑንማ አፍንጫዬ ነገረኝ። እዚህ ድንጋይ ላይ ምን ትሠራለች ነው የምልህ!"

"ቤት አጣን።"

"ይሄ ሁሉ ቤት ተገትሮ?" ዞር ዞር ብለው ከተማውን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ሊመቱኝ ነበር የመሰለኝ። "ተነሽ አንቺ። ተነሽ! ቅዳሴውን ከምታገሚው የኔን ጎጆ አግሚው።"

አስካለ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ያን ዕለት ገና ማየቴ ነበር።

ጎጆዋ ጠባብ ናት። መደባቸውን ለአስካለ ለቀው እሳቸው መሬት ተኙ፤ እኔን ከበሬው አጠገብ ከደጅ አስተኙኝ። ቁስሉን በሞቀ የጨው ውሃ እያጠቡ ሲሳደቡ ይውላሉ። ስድቡ ለነቀርሳው ነበር። "አንተ የማታፍር፣ ሌላ ቦታ አጣህ!" እያሉ። ጎረቤት አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ ካዩ ደግሞ ወደ ደጅ ይወጡና "ያዘው፣ ያዘው፣ እንዳይወድቅብህ!" ይሉታል። አስካለ ከሕመሟ ይልቅ በሳቅ የተነሳ ጎኗን የያዘችበት ቀን ነበር።

የያዝነው ስንቅ አለቀ። አንድ ጠዋት ከመድኃኒተኛው ስንመለስ እመት ድንቄ በማጭድ የጎተራውን አፍ ሲፈነቅሉ ደረስኩ። የተዝካር ጎተራ ባለቤቱ ሳይሞት አይከፈትም፤ ይሄን እኛ አገር የማያውቅ የለም።

"እመቴ! ይሄ እኮ የተዝካርዎ ነው!"

"አውቃለሁ። የመረግኩት እኔ ነኝ" አሉኝና መፈንቀላቸውን ቀጠሉ።

ፀሐይ ሳትበረታ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። መምሬ ክንፉ እየተጣደፉ መጡ።

"ምነው ልጄ? ለነፍስሽ ያልሽውን?"

"አባቴ፣ ነፍሴ ገብስ አትበላም። ይቺ ግን ትበላለች።"

"ቃል ገብተሽ! ያውም በኔ ፊት!"

"በርስዎ ፊት ነው የገባሁት፤ ለርስዎ ግን አልነበረም።"

መምሬ ፊታቸውን አጥቁረው ወጡ። ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ግን ቆም ብለው፣ "በሬውስ ደኅና ነው?" አሉኝ። በሬው ደኅና ነበር።

ገብሱም ማሩም ለጊዜው ያዘን። ሥጋ ግን የለም። መድኃኒቱ ነቀርሳውን ሲያከስም አስካለንም አብሮ ይበላት ጀመር፤ ክንዷ የሸንበቆ ያህል ቀጠነ። መድኃኒተኛው "ብያለሁ፣ ሥጋ ካላገኘች ልለጥፍባት አልችልም" ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። እመት ድንቄ ቀዩን በሬ አየት አደረጉ። እኔም "ተዉ እመቴ፣ አጎት አለን" አልኳቸውና ወደ አገሬ ገሰገስኩ።

አጎታችን ባሻ ወንድይራድ ደብረ ብርሃን አጠገብ ብዙ መሬትና ብዙ ከብት ያለው ሰው ነው። አንቱ ሊባል የሚገባው ሰው ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ዓመት ወዲህ አንቱታው ከአፌ አልወጣ ብሎኛል። ያን ዕለት ግን እግሩ ላይ ወደቅሁ።

"አጎቴ፣ ሙክት ይስጡኝ፤ በግም ቢሆን። መድኃኒቱ እየሠራላት ነው።"

"ልጄ" አለኝ፣ አነሳኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። "አዝመራው ገና አልገባ። ደግሞስ ነቀርሳ የያዘው ሰው መች ይተርፋል? ግን አንተ አታስብ። የሞተች ዕለት እኔ አለሁልህ! ተዝካሯን የማወጣው እኔ ነኝ። በአንኮበር ካህናት ፊት ስሟን አስጠራለሁ፣ በሬ እጥላለሁ!" ይህን ሲለኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። የሚገርመው እውነቱን ነው፤ ከልቡ ነበር የሚናገረው።

ባዶ እጄን ተመልሼ የሆነውን ለእመት ድንቄ አጫወትኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ንድድ አሉ።

"ካልሞተች አያበላትም? እንግዲያው ሞተች በለዋ!"

"ኧረ እመቴ፣ ሟርት ነው! አፍዎን ይያዙ!"

"ላክበት" አለች አስካለ ከመደቡ ላይ። የሰማችን አልመሰለንም ነበር። "ሞተች በለው። ሞቼ ከሆነ የሚሰጠኝ፣ ሞቼ ልቀበለው።"

በመንገደኛ መርዶ ላክንበት። እግዜር ይቅር ይበለን። እመት ድንቄ ነገሩን አስበውበት ነበር፤ አጎታችን ያመጣውን ለነፍሷ ብሎ በመምሬ ፊት ካስረከበ በኋላ፣ በነፍስ ስም የተሰጠን ነገር መልሶ ለመውሰድ የሚደፍር ሰው የለም። እስከዚያ አስካለ ከመጋረጃው ጀርባ ዝም ብላ መተኛት ብቻ ነበረባት።

ባሻ ወንድይራድ እንዳለውም አደረገ። ነጭ ሰንጋ አስነድቶ፣ እህልና ማር በአህያ አስጭኖ፣ ዘመድ አዝማድ አስከትሎ ለቅሶውን ከሩቅ እያሰማ መጣ። ሰፈሩ ወጣ፣ መምሬ ክንፉም ወጡ። እሱ ነጠላውን አደግድጎ ደረቱን እየደቃ ጎጆዋ ደጃፍ ላይ ተደፋ።

"ወየው አስካለ! ወየው የእህቴ ልጅ! ምነው ብትጠሪኝ! አንድ ቃል ብትልኪብኝ ማር ይዤ፣ በሬ ነድቼ አልመጣም ነበር ወይ! ምነው እኔን ባስቀደመኝ!"

እኛ ውስጥ ነን። አስካለ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታዳምጣለች። እንባዋ ይወርዳል። የእመት ድንቄን ቀሚስ ጎተት አደረገች።

"ለካ እንዲህ ይወደኝ ኖሯል" አለች።

"ተኚ! ጭነቱ ገና አልወረደም!"

"እያለቀሰ እኮ ነው እመቴ። አንጀቴን በላው።"

ልንይዛት ስንል ተነሳች። ያ ሁሉ አቅም ከየት እንደመጣላት አላውቅም። ግድግዳውን ተደግፋ በሩ ላይ ብቅ አለችና፣ "አጎቴ፣ አያልቅሱ። አይዞዎት፣ አለሁ፤ አልሞትኩም" አለችው።

ሴቶቹ ጮኹ፤ ግማሹ አማተበ። ባሻ ወንድይራድ ከመሬት ቀና አለ። እንባው ገና ጉንጩ ላይ ነበር። ዘሎ የሚያቅፋት መስሎኝ ነበር፤ እሷም መስሏት እጇን ዘረጋች። እሱ ግን አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ አህዮቹን አየ። ከዚያ ወደ ሎሌዎቹ ዞሮ፣ "መልሳችሁ ጫኑ" አለ።

እመት ድንቄ ወጥተው የሰንጋውን ገመድ ጨበጡ። "አንተ ሰው! ለሬሳዋ ያመጣኸውን ለራሷ ትከለክላታለህ?"

"በሞት የምትቀልጂ ሴትዮ፣ ልቀቂ! በሰው ፊት አዋረዳችሁኝ! ለቆመ ሰው አስለቀሳችሁኝ!"

መምሬ ክንፉም "ሞትን መዳፈር ነው፣ ትልቅ ኃጢአት ነው" ብለው ከሱ ጋር ቆሙ። ሎሌዎቹ ገመዱን ከእመት ድንቄ እጅ መንጭቀው ወሰዱት፤ የእመቴ መዳፍ ተላጠ። ማሩን እንኳ አልተዉልንም። አስካለ እጇን እንደዘረጋች በሩ ላይ ቆማ ሁሉም ሲሄድ አየች።

ከዚያ ወዲያ ቅስሟ ተሰበረ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። "ሲያለቅስ ግን እውነቱን ነበር" ትላለች ደጋግማ። እመት ድንቄ እህል ይዘው ቢለምኗት እህል ውሃ አልቀምስ አለቻቸው። ያን ዕለት ስድብ እንኳ አልመጣላቸውም።

በማግስቱ ቢላ ስለው ወጡና የቀዩን በሬ ገመድ ፈቱ። ወንዱ ሁሉ ተሰብስቦ ቆሞ ያያል እንጂ እጁን የዘረጋ የለም። ለብቻችን ጥለን ልናርደው አልቻልንም። ከአሊዩ አምባ ሽቅብ የሚወጣ አንድ እስላም ነጋዴ አህዮቹን አቁሞ ሲታዘበን ቆየና፣ "ሱብሃነላህ! እኔ ከእናንተ እርድ አልበላም እንጂ መያዝስ እይዛለሁ" ብሎ እግሩን ጠፍሮ ጣለልን። ፊቱን ዞር አድርጎ እስክናርድ ጠበቀን፤ እጁን ታጠበና መንገዱን ቀጠለ። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም።

"ተዝካራችንን አረደችው!" አለች አንዷ ጎረቤት ከአጥር ወዲያ።

"ሞታለች በሉና ግቡ እንግዲህ! ጥሬውን ልቁረጥላችሁ?" አሏት እመት ድንቄ፣ እጃቸው እስከ ክንዳቸው ደም ነክቶት።

ያን በሬ አስካለ በላችው። መረቁን እመት ድንቄ በግድ፣ በስድብም በልመናም ይግቷታል። ሌላው ቋንጣ ሆነ። ለጥፉ ቀጠለ፤ ቁስሉ ደረቀ። ለጥምቀት ታቦቱ ሲወርድ በእግሯ ቆማ እልል አለች። "ድኛለሁ አይደል?" ስትለኝ "ድነሻል" አልኳት። አመንኩ፤ እንዴት አላምን?

በዐቢይ ጾም ብብቷ ሥር ሌላ ወጣባት። ያኛው መድኃኒትም ሥጋም አላወቀም። እመት ድንቄ ጭን ላይ ራሷን አድርጋ ሞተች። እንደገና መርዶ ብልክበት አጎታችን መልእክተኛውን፣ "አሁንስ እውነት ነው? ማልልኝ" አለው አሉ።

ተዝካሩ ጾሙ እስኪፈታ ተጠብቆ ከፋሲካ በኋላ በባሻ ወንድይራድ ግቢ ወጣ። ዳሱ ሰፊ ነው፤ ጠጁ፣ ጠላው፣ ካህኑ፣ ድሃው፣ የሦስት አገር ሰው። እመት ድንቄ ከአንኮበር በእግራቸው መጡ። አቧራ እንደለበሱ ጥግ ይዘው ሲቀመጡ ባሻ አያቸውና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ልጄን ያስታመሙ እናት ናቸው! ከጥሩው ስጧቸው!" አለ። ሰው ሁሉ "ይገባቸዋል" አለ። አንድ ትልቅ ብልት አቀረቡላቸው። ሥጋውን አንሥተው አገላበጡት።

"ባሻ፣ ይሄ በሬ ያኔ ነድተኸው የመጣኸው ነጩ ነው?"

"እሱው ነው እንጂ!" አለ ባሻ፣ ደስ ብሎት። "ከዚያ ወዲህማ ደግሞ ምን የመሰለ ሰባ!"

እመት ድንቄ ሥጋውን መሶቡ ላይ መልሰው አስቀመጡና ተነሥተው ወጡ። "ድሮም ዓመለኛ ናት" አለ ከኋላዬ አንዱ፣ አፉ ሙሉ እንደሆነ።

ሮጬ መንገድ ላይ ደረስኩባቸው። እያለቀስኩ ነበር። "እመቴ፣ ውለታዎን በምን እከፍላለሁ? ባዶ አስቀረንዎ። እምላለሁ፣ የሞቱ ዕለት ተዝካርዎን እኔ ነኝ የማወጣው፤ ያለኝን ሸጬ በሬ እጥልልዎታለሁ" አልኳቸው።

በጥፊ አጮሉኝ።

"አንተም? አንተም ሞቴን ልትጠብቅልኝ?" አሉ።  "ምንም እንዳታወጣልኝ፣ ሰማህ? ምንም!" ከዚያ ምርኩዛቸው ላይ ዘንበል አሉና ቀስ ብለው፣ "ርቦኛል እኮ ልጄ። ጎተራው ካለቀ ቆየ" አሉኝ።

አፈርኩ። ያን ሁሉ ጊዜ አጠገባቸው ሆኜ ሁልጊዜም ከሲታ ናቸው ብዬ ነበር የማስበው። ነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩትን ቆሎ ፈታሁላቸው። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እፍኝ እፍኝ እያሉ ይበሉ ጀመር። ከዳሱ ውስጥ ካህናቱ ባሻ ወንድይራድን ሲመርቁ፣ ሕዝቡም "አሜን! አሜን!" ሲል እዚያ ድረስ ይሰማል። እመት ድንቄ ቀና ብለው አላዩም፤ ቆሎውን ያኝካሉ።